የተበላ ስም

ቀና አለች!

ዳኛዋ ቀና አለች፣ እማዬ ደግሞ ጭኔን ጨምድዳ ያዘችኝ። የጥፍሯ ምልክት እስካሁን አለ። ሬጅስትራሩ «ከሳሽ፣ ማስተዋል ሞላልኝ» ብሎ ሲጠራ ዳኛ ፈትለወርቅ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አዳራሹን ቃኘችና፣ ጥርት ባለ ድምፅ ስሙን ራሷ ደገመችው።

«ማስተዋል ሞላልኝ። የታለሽ? ተነሺ።»

አዳራሹ ሁሉ «እፍፍ» አለ፣ ልክ ለቅሶ ቤት መርዶ ሲነገር እንደሚባለው። ከኋላችን የተቀመጠች የማናውቃት ሴትዮ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «አይዞህ ወንድሜ፣ ይግባኝ አለ» አለችኝ። ክርክሩ እኮ ገና አልተጀመረም! ገና ስም ነው የተጠራው!

እህቴ ተነሳች። ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። ማሽኑ አራት ጣቷን ወስዶ አውራ ጣቷን ነው የተወላት። «ለመፈረም ትበቃታለች ብሎ ነው» ትላለች እሷ ስትቀልድ። እኛ አንስቅም፣ እሷ ትስቃለች።

ሬጅስትራሩ ቀጠለ። «ተከሳሽ፣ ሐመልማል ክር ጨርቃጨርቅና ማቅለሚያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር።»

ዳኛዋ መስኮቱን ታያለች። ሬጅስትራሩ ያንን ሁሉ ስም ሲያነበንብ እሷ በመስኮቱ ታሻግራለች፣ ጥጥ የምንለው ስም አፋኝ መሣሪያ ጆሮዋ ውስጥ ነው፣ ምንም አልሰማችም። ከፊቷ ያለው ስክሪን ላይም ስሙ የነበረበት ቦታ ነጭ ነው። የሬጅስትራሩ አፍ መዘጋቱን አይታ፣ እንደ ደንቡ፣

«የተከበሩት ወገን» አለች፣ «ይቀመጡ፤ ዛሬ ሙቀት ነው።»

የፋብሪካው ጠበቃ፣ ኪዳኔ የሚባለው፣ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። እህቴ እንደቆመች ናት። ተቀመጪ ያላት የለም።

አያችሁ፣ ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው ይላሉ። እኛም ትምህርት ቤት በቃላችን ሸምድደነዋል፣ ሦስት መስመር ናት። ዳኛ ለምርጫዋ በራሷ አፍ ገንዘብ አትጠይቅም። ማን እንደሰጣት አታውቅም። የሰጣት ሰው ስም ችሎት ላይ ሲጠራ አትሰማም። በቃ። ዳኛ በምርጫ መሆን ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ደንቡም አብሮት ነው የተወለደው። ስለ ፊት ግን አይናገርም። ፊትህን ታየዋለች፣ መኪናህን ታየዋለች፣ የጠበቃህን ጫማ ታየዋለች። ስምህን ብቻ አትሰማም።

ታዲያ ስሙን ያልሰማችው ሰው ማነው? የሰጣት ነዋ! የሰማችውስ? ያልሰጣት! ይሄን ለመረዳት ሕግ መማር ያስፈልጋል? የአራት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ብቻ ናቸው እስከዛሬ ያልገባቸው፣ ወይ ደግሞ ከሁላችንም በፊት የገባቸው።

ከተማችን ውስጥ የሰጠን ሰው «ስሙ ተበልቷል» እንለዋለን። እዚህ ኮምቦልቻ ቤት ልትከራይ ስትሄድ አከራይዋ መጀመሪያ የምትጠይቅህ «ስምህ ተበልቷል ወይስ አልተበላም?» ብላ ነው። አልተበላም ካልክ ደስ ይላታል፣ ነገ ብትጣሉ እሷ ናት የምታሸንፈው። ሽማግሌ ሲላክ «ልጁ ሥራ አለው፣ አይጠጣም፣ ስሙም የተበላ ነው» ይባላል። ልጅ ሲወለድ ክትባት፣ ከዚያ ክርስትና ወይ አቂቃ፣ ከዚያ ስም ማስበላት። አራስ ጥየቃ የሄዱ ሴቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ አስበላሽው ወይ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሕፃኑ ማንን ሊከስ ነው? ማን ያውቃል። ይቀመጥለት ነው።

እኔ ደግሞ፣ አትፍረዱብኝ፣ ጠያቂ ነኝ። የዳኛ ፈትለወርቅ ምርጫ ኮሚቴ ጠያቂ። እሷ አፏን ስለተከለከለች የእኛን አፍ ተከራይታለች። በየበሩ እየሄድን «ፍትሕን መደገፍ ይፈልጋሉ?» እንላለን፣ ሌላ ቃል መጨመር ክልክል ነው። ሰዉ «ለመበላት ስንት ነው?» ይለናል። እኛ «እንደዚያ የሚባል ነገር የለም፣ ትንሹ ግን ይሄን ያህል ነው» እንላለን። ልጆች «ለማኙ መጣ!» እያሉ ይከተሉኛል። ከገዛ ቤተሰባችን መቀበል አንችልም። ከዳኛዋ ጋር መነጋገር አንችልም። ቢሯችን ከችሎቱ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ስለሆነ እሷ በኮሪደር ስታልፍ ደወል ይደወላል፣ እኛ ባለንበት ቆመን ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። ሦስት ዓመት ሠርቼ የማውቀው ኮቴዋን ነው።

ወደ ችሎቱ ልመለስ።

እህቴ ጠበቃ የላትም፣ ራሷ ተናገረች። «ክብርት ዳኛ፣ የክር ማጠንጠኛው ማሽን እጅ ሲጠጋው በራሱ መቆም አለበት። እጅ የሚያይ መብራት አለው። ቶሎ ቶሎ እየቆመ ምርት ያጓትታል ብለው መብራቱን አጥፍተውት ነበር። ቪዲዮው አለኝ። አርባ ሰከንድ ናት። መብራቱ ጠፍቶ በግልጽ ይታያል።»

ኪዳኔ ብድግ አለ። «ክብርት ዳኛ፣ እጇን ያስገባችው ራሷ ናት። ማሽኑ ተነስቶ ሄዶ አልያዛትም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዳኛዋም ፈገግ ልትል ብላ ተወችው።

«ማስተዋል፣ ያልተጠየቅሽውን አትዘባርቂ» አለች። «የተከበሩት ወገን ስለ ቪዲዮው ምን ይላሉ?»

«አንቀበለውም።»

«ችሎቱም አልተቀበለውም። ለፍርድ ለሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።»

ሰባት ደቂቃ። ሰዓት ይዤ ነበር። እህቴን «አንቺ»፣ ፋብሪካውን «የተከበሩት»። ሰውን አንቺ፣ ግንብን እርስዎ!

በር ላይ እንደወጣን እማዬ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። «አስበልቼው ነበር እኮ! ልዑል ሙት አስበልቼው ነበር!» እያለች። በኔ ነው የምትምለው። በችሎቱ ዋዜማ «አትጨነቅ፣ ተይዟል» ብላኝ ነበር፣ ምን እንደተያዘ ግን አልነገረችኝም፤ ስለት አይነገርም። ለካ የወርቅ ጉትቻዋን ሸጣ፣ ክሱ ሳይከፈት በነበረው የሚካኤል ዕለት ቤተክርስቲያን በር ላይ ሄዳ፣ ዣንጥላ ዘርግታ ለቆመችው ጠያቂያችን ለጦይባ ሰጥታ ኖሯል። ኮሚቴያችን ዣንጥላ መዘርጋትን ከቤተክርስቲያን ነው የቀዳው፤ ሰዉ ዣንጥላ ሲያይ እጁ ይፈታል።

ደረሰኙን ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠችኝ። አነበብኩት።

«እማዬ። ወለተ ሥላሴ ማናት?»

«እህትህ ናታ! የክርስትና ስሟን አታውቅም እንዴ?»

«ፍርድ ቤት አያውቀውማ!»

«ታዲያ ቅጥር በር ላይ፣ ዣንጥላ ስር ቆሜ፣ የመታወቂያ ስም ልናገር? ስም ማን ልበል አለችኝ፣ ወለተ ሥላሴ አልኳት። እግዜር በየትኛው ስሟ ነው የሚያውቃት?»

«እግዜር አይደለም እኮ የሚፈርደው! ፈትለወርቅ ናት!»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጉትቻ የነበረበት ቀዳዳ ባዶውን ነው። ያኔ ነው ያየሁት፣ ወላሂ፣ ያኔ ነው። ስንት ቀን ባዶ ጆሮዋን ይዛ ቤት ውስጥ ስትንጎራደድ አላየሁም።

ጦይባን ጠየቅኳት በኋላ። «እኔ ምን ላድርግ ልዑሌ፣ ደንቡ የተነገረህን ጻፍ ነው የሚለው። መታወቂያ መጠየቅ ጫና ነው ተብለን የለ?» አለች። እውነቷን ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምጽፈው። ያን ቀን የዣንጥላው ተራ የኔ ነበር፣ ሰፈሬ ስለሆነና እማዬ እዚያ ስለምትስም ነው ከጦይባ ጋር የተቀያየርኩት።

እህቴስ? እህቴ ሳቀች።

«ሰማችኝ እኮ» አለች። «ከተጎዳሁ ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ ስሜን የጠራኝ ባለሥልጣን እሷ ብቻ ናት። ፋብሪካው የሚያውቀኝ በሁለት መቶ አሥራ አራት ቁጥር ነው። ደብዳቤ ሲጽፉልኝ እንኳን ‹ጤና ይስጥልን፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት› ነው የሚሉት።»

ከሁለት ወር በፊት፣ ክሱ ሳይከፈት፣ ስምሽን እናስበላው ብዬ ስለምናት «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እንዴ የምደበቀው?» ብላ ሳምንት አኩርፋኝ ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ ኩራት ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ የኮሚቴያችን ኃላፊ ጋሽ ኑሩ ዘንድ ገባሁ። ጋሽ ኑሩ ክፉ ሰው አይደለም። ለውዝ እየፈለፈለ ነው የሚያወራው፣ ለጠያቂ ልጆችም ይዘግናል። ሁሉንም ነገርኩት።

«ውይ» አለ። «አሁን ለመስጠት ደግሞ አይቻልም። ጉዳይ ያለው ሰው እንዳይሰጥ ክልክል ነው። ሥነ ምግባር ነው ልጄ።»

«ሐመልማል ክርስ? እነሱ ጉዳይ የላቸውም?»

«እነሱ የሰጡት ከጉዳዩ በፊት ነው። እነሱ ሁልጊዜ ነው የሚሰጡት። በየምርጫው፣ ለሁሉም ዕጩ፣ እኩል። ለማንም አያዳሉም።» ይሄን ሲል እኮ የምሩን ነው። በአድናቆት ነው።

ከዚያ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብሽር። አንድ መንገድ አለች። የስም ማረሚያ። ገንዘቡ ክሱ ሳይከፈት ገብቷል አይደል? ስሙ ነው የተሳሳተው። ተረኛው ጠያቂ ‹ሰጪዋ ትክክለኛ ስሟን ነግራኝ ነበር፣ ስጽፍ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ› ብሎ ጣቱን ያሳርፋል፣ አለቀ። ተራው በመዝገብ ያንተ ነው።»

«ወንድሟ አይደለሁ?»

«ዝምድና የሚጣራው ሲሰጥ ነው፣ ሲታረም አይደለም።»

«እሷ ካልፈለገችስ?»

«የባለስሙ ፈቃድ አያስፈልግም። ሬጅስትራሩ ስሟን ጠርቶ እስኪጨርስ ድረስ ክፍት ነው።» ለውዙን ወደኔ ገፋልኝ። «ስማኝ ልዑል። ሁለቱም ወገን የተበላ ከሆነ ዳኛ ምን ታደርጋለች መሰለህ? ሁለቱም ነጭ ነው፣ ሁለቱም የተከበሩ ናቸው። ያኔ ምርጫ የላትም፣ መዝገቡን ታነባለች። ማስረጃ ታያለች። ቪዲዮውንም እንደገና ታስከፍተዋለች፤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እህትህ እውነት ካላት ያኔ ታሸንፋለች።»

ይሄን አስቡት እስቲ። እውነትህ እንዲታይ መጀመሪያ ስምህ መጥፋት አለበት። ማሽኑ ጣቷን በላ፣ ሕጉ ደግሞ ስሟን ይብላና ያኔ ካሳ ይሰጣታል። ስንት አካሏን ስትሰጥ ነው ሰው የምትሆነው?

ቅጹን ስልኬ ላይ ላከልኝ።

ከቢሮው ወጥቼ ኮሪደሩ መሀል ስደርስ ደወሉ ተደወለ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ኮቴዋ መጣ። ቀ፣ ቀ፣ ቀ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቆሞ አያውቅም።

«ይሄ ግድግዳ ቀለም ያስፈልገዋል» አለች። ለኔ አይደለም፣ ለግድግዳው ነው። ለግድግዳ ማውራት አልተከለከለም።

እኔም ለግድግዳው አወራሁ። «ክብርት ዳኛ፣ ስም ሲበላ ምን ይሰማል?»

ካባዋን ስታስተካክል ተሰማኝ።

«ምንም» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ዝምታ ነው። ግን ዝምታም አንድ ዓይነት አይደለም። የሰው ስም አጭር ነው፣ አንዴ ትንፋሽ እንደመሳብ። የድርጅት ይረዝማል። አንዱማ አለ፣ ውሃ ጠጥቼ ብርጭቆውን እስክመልስ አያልቅም።»

«እና ያውቋቸዋል ማለት ነዋ።»

«አላውቅም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አንድ ቀን ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም።» ድምፅዋ የንዴት ሳይሆን የድካም ነው። «ምርጫው አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል። እኔ ብወድቅ የሚመጣው ሰውዬ ጥጡን እንኳን የሚያደርግ አይመስለኝም። እኔ ቢያንስ አደርጋለሁ።»

«የሚሰሟቸውስ? ስማቸውን የሚሰሙት ሰዎችስ? ማታ ትዝ አይሉዎትም?»

ያኔ ነው የዞርኩት። ሳላስበው ነው፣ መልስ የሚጠብቅ ሰው ይዞራል አይደል? ዞርኩና አየኋት፣ ፊት ለፊት፣ በክንድ ርቀት። ያልጠበቅኩት ነገር፣ አጭር ናት። ወንበሩ ነው ለካ ከፍ የሚያደርጋት። ዓይኗ ፍጥጥ ብሎ፣

«ዙር!» አለችኝ። «ዙር! ዙር! ካሜራ አለ!»

ሮጠች። ወላሂ ሮጠች። አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ ካባዋን ሰብስባ፣ ከኔ፣ ከለማኙ ፊት ሸሸች። የፋብሪካ ጠበቃ አያስፈራትም። አራት ጣት የሌለው እጅ አያስፈራትም። የኔ ፊት አስፈራት።

በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተም ያለው። «ከዕጩዋ ጋር ፊት ለፊት በመገናኘት የዳኝነት ነፃነትን ለአደጋ አጋልጠሃል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ።» ጋሽ ኑሩን ጠየቅኩት፣ እስከዛሬ ስንት ሰው እንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ ደርሶታል አልኩት። አሰበ፣ አሰበ፣ «የመጀመሪያው አንተ ነህ» አለኝ። በሃያ ስድስት ዓመት! ፋብሪካው ለሁሉም ዕጩ ከፍሎ አንድ ቀን ሥነ ምግባር አልጣሰም። ቪዲዮ አላይም ያለችው ዳኛ ሥነ ምግባር አልጣሰችም። በከተማው ታሪክ አንድ ሥነ ምግባር የጣሰ ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ፣ ጥፋቴም አንገቴን ማዞሬ ነው።

ደብዳቤውን ቀድጄ ልጥለው ነበር። አልቀደድኩትም። ልኬን የነገረኝ ወረቀት ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ሆነ። ሐሙስ መሆኑን ያወቅነው ከቦርከና ወንዝ ነው፣ ቢጫ ነበር። ሐመልማል ክር ሰኞ ቀይ ይነክራል፣ ማክሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቢጫ፤ ወንዙም እንደዚያው። ሰፈራችን ቀን የሚቆጠረው ድልድዩ ላይ ቆሞ ነው። ባጃጁ ድልድዩን ሲሻገር እህቴ ወደ ታች እያየች «የዛሬው ደማቅ ነው፣ አዲስ ልጅ ነው የነከረው» አለች። ሙያዋ ነበር። ስትናገር ደግሞ ያ ጎደሎ እጇ በነጠላው ውስጥ ሆኖ ክር እንደሚፈትሽ ይንቀሳቀሳል።

ያኔ ልደብቃት አልቻልኩም። የማረሚያውን ነገር ነገርኳት። ጋሽ ኑሩ ያለውን፣ ሁለቱም ከተበላ ቪዲዮው እንደሚታይ፣ ሁሉንም።

«ስሜን እንዳትነካ» አለች።

«ማስተዋል፣ ታሸንፊያለሽ እኮ!»

«ማን ነው የሚያሸንፈው? ያ ነጩ ቦታ? የተከበሩት ወገን? እኔ ከሆንኩ የተጎዳሁት እኔ ነኝ መሰማት ያለብኝ።»

«ካልተበላ ትሸነፊያለሽ። አብቅቷል። ሰባት ደቂቃ አይተሻል።»

«ልሸነፋ! ግን ስሜን በአፏ እየጠራች፣ ዓይኔን እያየች ትፍረድብኝ። ማንን እንዳባረረች ትወቅ። ነገ ለሌላዋ ደግሞ ታስታውሰኝ ይሆናል። ታስታውሰኝ አይሆንም? ይሁን። ግን አላየሁም፣ አልሰማሁም አትበል። በኔ ጊዜ ጥጥ የለም።»

ከጎኔ የተቀመጠችው እማዬ ፈነዳች።

«ስምሽ ምን ያደርግልሻል?! ስም ይበላል እንዴ? ኪራይ ይከፍላል? እኔ ነገ ስሞት ማን ነው ጠጉርሽን የሚሠራልሽ? ማን ነው ቁልፍሽን የሚቆልፍልሽ? ይቺ ደረቅ! አባትሽም እንዲሁ ደረቅ ነበር፣ ድርቅ ብሎ ሞተ!» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ ፈርም። እሷን አትስማት። እኔ ነኝ የወለድኳት፣ ስሙንም እኔ ነኝ ያወጣሁላት።»

የባጃጁ ሹፌር በመስታወት እያየን፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ጣልቃ መግባቴ አይደለም» አለ፣ «የኔ አልተበላም ነበር፤ ባጃጄን ወሰዱብኝ። ይሄ የሰው ነው። ቢፈርምላት ነው የሚሻለው።»

«አንተ መንገድህን እይ!» አለችው እህቴ።

እህቴ ከመውረዷ በፊት ራሷን ወደ እማዬ አዘነበለች፣ እማዬ ደግሞ እንደተቆጣች የተፈታውን ሹሩባዋን ጫፉን ቋጠረችላት።

አሁን ችሎት ውስጥ ነን። ሙቀት ነው። ኪዳኔ እግሩን አነባብሯል፣ ውሃ ተሰጥቶታል። ከኛ በፊት የነበሩት አዛውንት ወጥተዋል፤ ዳኛዋ ስማቸውን ከነአባታቸው ጥርት አድርጋ ስትጠራው ገና ወደ በሩ ዞሩ፣ ልጃቸው ናት ደግፋ ያስወጣቻቸው። ዳኛዋ ጥጧን አስተካከለች። እኔ ያለሁበትን ረድፍ አታይም፤ ከፊቴ በስተቀር ሁሉንም ነገር ታያለች።

ስልኬ ጭኔ ላይ ነው። «የስም ማረሚያ። ወለተ ሥላሴ የሚለው ማስተዋል ሞላልኝ ተብሎ ይታረም። ጣትዎን ያሳርፉ።» ክቧ ብልጭ ድርግም ትላለች። የእማዬ እጅ እዚያው ጭኔ ላይ ነው፣ እዚያው ያለፈው ጥፍር ላይ፣ እየጫነች። እህቴ ከፊት ወንበር ዞር ብላ አየችኝ። በጭንቅላቷ አይ አላለችም። ተው አላለችም። ዝም ብላ አየችኝ፣ ልክ በደንብ ልታስታውሰኝ እንደፈለገች።

ብፈርም ቪዲዮው ይታያል፣ ካሳዋን ታገኛለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዓይኔን አታይም ይሆናል። ይሄ ደንብ ደግሞ አንድ ስም ጨምሮ ይበላል፣ እኔው በገዛ ጣቴ አጉርሼው። ባልፈርም እማዬ ጉትቻዋን ለምንም ሸጠችው፣ እህቴ ደግሞ ስሟን ይዛ፣ ስሟን ብቻ ይዛ፣ በዚያ በር ትወጣለች።

ሬጅስትራሩ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። ዳኛዋ ብዕሯን አነሳች።

«ከሳሽ፣» አለ።

ጣቴ ከክቧ በላይ ነው፣ የፀጉር ያህል ነው የቀረው። እናንተ ብትሆኑ ታሳርፉት ነበር?